መልካም ቃል በጨዋታ ሜዳ



የሁለት ትምህርት ቤቶች ቡድኖች ሲጋጠሙ ተመልካች ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው በኳሱ ላይ ነው። ዳኛው የዕረፍት ፊሽካ ሲነፋ ግን ተመልካቹ ፊቱን ወደ ጓደኛው አዙሮ ወግ ይጀምራል። ለመምህር ግን ዋናው ሥራ የሚጀመረው በዚያች ሰዓት ነው። ሁለት ግብ የተቈጠረባቸው ዐሥራ አንድ ልጆች ላባቸውን እየጠረጉ፣ አንገታቸውን ደፍተው ወደ አንድ ሰው ይመጣሉ። ይህም ሰው በሳምንቱ ውስጥ ሒሳብ ወይም ጂኦግራፊ ሲያስተምራቸው የሰነበተው መምህራቸው ነው። ልጆቹ ከእርሱ የሚጠብቁት ሁለት ነገር ነው፤ ውሃና ቃል። ውሃው ከእንስራ ይቀዳል፤ ቃሉ ግን ከየት ይቀዳል? የዛሬው ንግግር የሚመለከተው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ጉዳዩ ለታላላቅ አሠልጣኞች ብቻ የሚተው መስሎ ለሚታየው ሰው መልሱ ቅርብ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የብዙው ስፖርተኛ የመጀመሪያ አሠልጣኝ የትምህርት ቤት መምህር ነው። በአርሲ ደጋ ላይ በምትገኘው በበቆጂ ከተማ ስንታየሁ እሸቱ የተባሉ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የትምህርት ቤት ልጆችን ሰብስበው ሩጫ ያለማምዱ ነበር። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የሩጫን ፊደል የቈጠሩት በእርሳቸው እጅ ነው። ወደ ደቡብ ወረድ ሲባል ደግሞ በኬንያ ደጋ፣ ኢቴን በምትባለው ከተማ የቅዱስ ፓትሪክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይገኛል። ወደዚያ በ1976 እ.ኤ.አ. ኮልም ኦኮኔል የተባሉ አየርላንዳዊ ጂኦግራፊ ሊያስተምሩ መጡ። የአሠልጣኝነት ትምህርት አልነበራቸውም። ይሁን እንጂ ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣው ፒተር ሮኖ በ1988 እ.ኤ.አ. በሴኡል ኦሊምፒክ የ1,500 ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። እርሳቸው ያሠለጠኑት ዴቪድ ሩዲሻም በ2012 እ.ኤ.አ. በለንደን ኦሊምፒክ 800 ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ40.91 ሴኮንድ ሮጦ የዓለሙን ክብረ ወሰን አሻሻለ።

እነዚህ ሁለት መምህራን የተቀበሏቸው ልጆች አስቀድመው ስማቸው የተጠራ ጀግኖች አልነበሩም፤ ደብተር ይዘው የመጡ ተማሮች ነበሩ። ስለዚህ የማበረታቻ ቃል ጉዳይ የስታዲየም ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው።

ቃል ሰውን እንደሚያበረታ ለኢትዮጵያ ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም። ሕፃን ሲወድቅ የእናቱ እጅ ሳይደርስለት በፊት «አይዞህ» የሚለው ድምፅዋ ይደርስለታል። በደቦ አጨዳ ጊዜ አንዱ ግጥም ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ አውጪውም የደከመውን በስሙ እየጠራ ያነሣሣዋል። ወደ ጦርነት የሚዘምተውም በሽለላና በፉከራ ልቡን ያሞቅ ነበር። ነገር ግን እነዚህ ሦስቱ አንድ አይደሉም። ፉከራ ደምን ያሞቃል፤ ለልጅ ግን በጨዋታ መካከል ከደሙ መጋል ይልቅ የዓይኑ ጥራት ይጠቅመዋል። ደሙ የጋለ ተከላካይ የሰው እግር ያገኛል እንጂ ኳስ አያገኝም።

ለትምህርት ቤት ቡድን የሚበጁት የእናቲቱ አይዞህና የደቦው አውጪ ጥሪ ናቸው። እናቲቱ ልጅዋ መውደቁን አልካደችም፤ እንዲነሣ ነገረችው እንጂ። የደቦው አውጪም ሰውየውን በጅምላ አላመሰገነውም፤ በስሙ ጠራው፣ የሚያጭደውም እህል ከፊቱ ቆሞ ነበር። እውነት፣ ስምና የሚሠራ ሥራ፤ እነዚህ ሦስቱ የተገኙበት ቃል የማበረታቻ ቃል ይባላል።

ከዚህ ጋር የሚጋጭ ሥር የሰደደ ልማድ አለ። በብዙ ሜዳ ዳር የሚሰማው «እግርህ እንጨት ነው!»፣ «አሰደብከን!»፣ «አንተን ያሰለፈ ይፈር!» የሚል ጩኸት ነው። ይህን የሚናገር መምህር ክፉ ሰው ነው ማለት አይቻልም። የትምህርት ቤቱ ስም አሳስቦታል፤ እርሱም በልጅነቱ እንዲሁ እየተሰደበ ያደገ ስለ ሆነ ስድብ ልጅን ያጠነክራል፣ ምስጋና ደግሞ ያሰንፋል ብሎ ያምናል። ምላስ አጥንት ባይኖረውም አጥንት ይሰብራል የተባለውንም ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም፤ ተረቱ ለሜዳ የሚሠራ ስላልመሰለው ነው።

ይህ እምነት በክርክር ብቻ ሳይሆን በሙከራም ተመርምሯል። ኤሊዛቤት ኸርሎክ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ተመራማሪ በ1925 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት የመጀመሪያ ደረጃ ተማሮችን በቡድን ከፍላ በተከታታይ ቀናት የመደመር ሒሳብ አሠራቻቸው። አንደኛው ቡድን በጓደኞቹ ፊት ይመሰገን ነበር። ሁለተኛው ይወቀስ ነበር። ሦስተኛው የሌሎቹን ምስጋናና ወቀሳ እየሰማ እርሱ ግን ምንም ሳይባል ይታለፍ ነበር። የተወቀሱት በመጀመሪያ ተሻሻሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን እያሽቈለቈሉ ሄዱ። የተመሰገኑት መሻሻላቸውን ቀጠሉ። ከተመሰገኑትም ከተወቀሱትም ያነሰ መሻሻል ያሳዩት ምንም ሳይባሉ የታለፉት ናቸው።

ከዚህ ሙከራ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፣ ተሳዳቢ መምህር ስድብ ይሠራል ብሎ የሚያምነው የመጀመሪያውን ቀን ውጤት ብቻ ስለሚያይ ነው። በእርግጥም የተሰደበ ልጅ ለጥቂት ደቂቃ ይሮጣል። ሁለተኛውም ከዚህ የበለጠ የሚያሳስብ ነው፤ ዝምታም ቃል ነው። በተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወሩን ሙሉ ስሙ ሳይጠራ የሚውል ልጅ ከተሰደበው ይልቅ ተጐድቶ ሊሆን ይችላል፤ ጩኸት ስለሌለበት ግን ጉዳቱን የሚያስተውልለት አይገኝም።

ሮናልድ ስሚዝና ፍራንክ ስሞል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ደግሞ ነገሩን ከክፍል አውጥተው ወደ ሜዳ ወሰዱት። የልጆች የቤዝቦል ቡድን አሠልጣኞችን በሁለት ከፈሉ። ለአንዱ ወገን ልጅ ሲሳሳት ወዲያው እንዲያበረታቱት፣ ስሕተቱንም በመልካም ቃል እንዲያርሙለት፣ በቅጣትና በዘለፋ እንዳይመሩ አጭር ትምህርት ሰጡ፤ ሌላው ወገን እንደ ልማዱ ሠራ። በ1979 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት በማሸነፍና በመሸነፍ በኩል በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አላሳየም። ነገር ግን ትምህርቱን ባገኙት አሠልጣኞች እጅ የነበሩት ልጆች አሠልጣኛቸውንም እርስ በርሳቸውንም ይበልጥ ወደዱ፤ ከሁሉም በላይ የተጠቀሙት ስለ ራሳቸው ዝቅ ያለ ግምት የነበራቸው ልጆች ሆኑ። በ1992 እ.ኤ.አ. የታተመው ተከታይ ጥናት ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ስንቱ ልጅ ጨዋታውን እንደ ተወ ቈጠረ። እንደ ልማዳቸው በሠሩት አሠልጣኞች ሥር ከነበሩት ከመቶው 26ቱ ሳይመለሱ ቀሩ፤ ትምህርቱን ባገኙት ሥር ከነበሩት ግን የቀሩት ከመቶው 5ቱ ብቻ ናቸው።

ለመምህር ከዚህ የሚበልጥ ቍጥር የለም። ዋንጫውን አንዱ ቡድን ብቻ ይወስደዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሜዳ የሚመለሱት ልጆች ግን የሁሉም ትምህርት ቤት ሀብት ናቸው። የመልካም ቃል መለኪያም የዕለቱ ውጤት ሳይሆን የልጁ መመለስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይመጣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ማበረታታት ማለት ሁልጊዜ ማሞገስ ማለት አይደለም። ጆን ውድን የተባሉት አሜሪካዊ አሠልጣኝ አስቀድሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ፤ ኋላም የሎስ አንጀለሱን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን እየመሩ ከ1964 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ባሉት 12 ዓመታት ውስጥ 10 ጊዜ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮና አደረጉት። ታርፕና ጋሊሞር የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት በ1974–75 የጨዋታ ዘመን ከሜዳው ዳር ተቀምጠው በልምምድ ጊዜ የሚናገሩትንና የሚያደርጉትን አንድ በአንድ መዘገቡ። ከተመዘገበው 2,326 ውስጥ ግማሽ ያህሉ ምን መደረግ እንዳለበትና እንዴት እንደሚደረግ የሚነግር ግልጥ መመሪያ ነበር። ምስጋና ብቻ የሆነው ከመቶው 7 እንኳ አልሞላም። ስለዚህ ልጅን ከሁሉ ይልቅ የሚያበረታው «ጎበዝ» መባል ብቻ ሳይሆን ጎበዝ የሚሆንበትን መንገድ መነገር ነው። ይህም መምህር ሁሉ በክፍሉ ውስጥ የሚያውቀው ሥራ ነው፤ ጠመኔው በፊሽካ ተለወጠ እንጂ።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። ኳስ በእጁ ሾልካ ግብ የሆነችበት በረኛ ራሱን ይዞ ቆሟል እንበል። «ምንም አይደለም» ቢባል አያምንም፤ ምንም እንደ ሆነ ያውቃልና። «አበላሸኸው» ቢባልም አዲስ ነገር አልተነገረውም። «ለመያዝ መውጣትህ ትክክል ነበር፤ በሚቀጥለው ግን ደረትህን ከኳሱ ጀርባ አድርግ» የተባለ እንደ ሆነ ግን፣ እውነቱ አልተካደም፣ በጎ ሥራው አልተረሳም፣ የሚሠራውም ተነገረው። ኳስ አሳምራ ላቀበለች ልጅም «ጎበዝ» ብቻ ከማለት «ከማቀበልሽ በፊት ቀና ብለሽ ማየትሽ ነው ኳሱን ያደረሰው» ማለት ይሻላል። ጎበዝ የተባለች ልጅ ደስ ይላታል፤ ለምን ጎበዝ እንደ ተባለች ያወቀች ግን ነገ ትደግመዋለች።

በንግግሩ መነሻ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ወደ መጡት ዐሥራ አንድ ልጆች እንመለስ ቢባል፣ መምህሩ አስቀድሞ ትንፋሻቸው እስኪሰበሰብና ውሃ እስኪጠጡ መታገሥ አለበት። ልቡ የሚመታ ልጅ ጆሮው አይሰማም። ከዚያ በኋላ ብዙ አይናገር፤ ዐሥር ነገር የተነገረው ተጫዋች አንዱንም ሳይዝ ይገባል። «ሁለት ግብ ገብቶብናል። ሁለቱም የመጡት በግራ በኩል ነው። አንተ ወደ ኋላ ቀረብ በል፤ አንተ ደግሞ እርዳው። ሦስትና አራት አታስቡ፤ አንዲት ግብ ብቻ ፈልጉ» ቢላቸው ይበቃል። ይህ ንግግር ድልን ቃል አልገባም። ቢሸነፉም ሐሰት አይሆንም፤ መምህሩም በሚቀጥለው ሳምንት ሲናገር ይታመናል።

አንዲት ግብ መፈለግ ምን ያህል እንደሚያደርስ የአፍሪካ እግር ኳስ ታሪክ ይመሰክራል። በጥር ወር 1954 ዓ.ም. (1962 እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ በይድነቃቸው ተሰማ የሚመራው የኢትዮጵያ ቡድን ከቱኒዚያ ጋር ሲጋጠም ሁለት ለባዶ ተመርቶ ነበር፤ ጨዋታው ያለቀው ግን በኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸናፊነት ነው። በፍጻሜውም ቀን የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለት የግብፅ ቡድን፣ ሁለት ጊዜ መራ። የኢትዮጵያ ቡድን አንዱን መለሰ፤ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ደግሞ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ሁለተኛውን አገባና እኩል አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ ጨምረው ዋንጫው በአዲስ አበባ ቀረ። ያን ዋንጫ ያመጣው ቃል ነው ማለት ሐሰት ይሆናል፤ ያመጣው የተጫዋቾቹ ችሎታ፣ የልምምዳቸው ብዛትና የአገራቸው ሜዳ ነው። ነገር ግን ሁለት ግብ የገባበት ቡድን የመጀመሪያዪቱን ለመፈለግ ካልተነሣ አራተኛዪቱን አያገኝም። ቃል እግርን አይፈጥርም፤ ያለውን እግር ግን ያቆመዋል።

የማበረታቻ ቃል ከመምህር አፍ ብቻ መውጣት አለበት ማለትም አይደለም። በጥቅምት ወር 1961 ዓ.ም. (1968 እ.ኤ.አ.) በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማራቶን ላይ፣ ቀድሞ ሁለት ጊዜ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ እግሩን ታምሞ ሩጫውን አቋረጠ። ማሞ ወልዴ ኋላ እንደ ተናገረው፣ አበበ ከመውጣቱ በፊት እርሱ ራሱ መጨረስ እንደማይችል፣ ማሸነፍ ያለበት ማሞ እንደ ሆነ ነገረው። ማሞም ሮጦ አሸነፈ። በዚህ አጭር ቃል ውስጥ ሦስቱም ነገሮች ይገኛሉ። አበበ ድካሙን አልሸሸገም፤ የተናገረውም ለማንም ሳይሆን ለማሞ ነው፤ የሚሠራውንም አስታወቀው። እንዲህ ያለ ቃል በሩጫው መካከል በድንገት የሚወለድ አይደለም፤ አብሮ በመልመድ የሚበስል ነው። ስለዚህ መምህሩ በልምምድ ጊዜ ልጆቹ እርስ በርሳቸው እንዲበረታቱ፣ አምበሉም ከጩኸት ይልቅ ምክርን እንዲለምድ ማሠልጠን ይገባዋል። ደራርቱ ቱሉ በ2009 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ማራቶን ባሸነፈችበት ቀን ወደ ኋላ መቅረት የጀመረችውን ተወዳዳሪዋን እንግሊዛዊቱን ፓውላ ራድክሊፍን በመንገድ ላይ ታበረታታ እንደ ነበር ተዘግቧል። መልካም ቃልን በሚገባ የተማረ ሰው ለባላጋራውም አይነፍገውም።

ከጨዋታው በኋላ የሚነገረውም እንደዚሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከሽንፈት በኋላ ወዲያው የሚደረግ ረጅም ንግግር ብዙ አይጠቅምም፤ የሚያለቅስ ልጅ ትምህርት አይቀበልምና። ያን ጊዜ መምህሩ አብሮ መቆሙ፣ ውሃ ማቀበሉ፣ ማንም ብቻውን እንዳይሄድ ማድረጉ ይበቃል። ስሕተቱ በሚቀጥለው የልምምድ ቀን ቀዝቅዞ ይታያል። ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ላይ ግብ ያገባው ልጅ ስሙ ሲጠራ፣ ኳሷን ያቀበለውም፣ ሜዳውን ያሰመረውም፣ መለያውን ያጠበውም አብረው ሊጠሩ ይገባል።

መልካም ቃል የሚበላሽባቸውም መንገዶች አሉ፤ ሳይነገሩ ሊታለፉ አይገባም። አንደኛው ቃልን በእንክብካቤ ፋንታ ማድረግ ነው። ቍርጭምጭሚቱ ያበጠ ልጅ «አይዞህ፣ ቻለው» ተብሎ እንዲጫወት የተደረገ እንደ ሆነ አይዞህ የሚለው ቃል ራሱ በደል ይሆናል። ሁለተኛው የማይፈጸም ተስፋ ነው። «በሚቀጥለው ትገባለህ» የተባለ ተጠባባቂ፣ የሚቀጥለው ሁልጊዜ የሚቀጥል ከሆነበት፣ ከዚያ ወዲያ የመምህሩን ቃል በሜዳም በክፍልም አያምንም። ሦስተኛው ለሴቶች ልጆች ዝቅ ያለ መለኪያ ይዞ «ለሴት ጥሩ ነው» ማለት ነው፤ ይህ ምስጋና የለበሰ ንቀት ነው። አራተኛው ቃልን የመሣሪያ ምትክ ማድረግ ነው። አንዲት የተቀደደች ኳስ ለአርባ ልጆች ሰጥቶ «በርቱ» ማለት፣ መጽሐፍ ለሌለው ተማሪ «አንብብ» እንደ ማለት ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር የትምህርት ቤት ኃላፊዎችን ይመለከታል። ከቡድን ጋር የሚውል መምህር በዓመቱ መጨረሻ የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ «ስንት ዋንጫ አመጣህ?» ተብሎ ነው። እንዲህ የሚጠየቅ መምህር ቢጮህና ቢሳደብ፣ ደካማውንም ልጅ ከወንበር ባያስነሣ አይደንቅም፤ ጩኸቱ ከላይ የወረደ ነውና። ኃላፊው በዚህ ጥያቄ ላይ ሌላ አንድ ጥያቄ ቢጨምርበት፣ «ዐምና ከነበሩት ልጆች ስንቱ ዘንድሮ ተመለሱ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በሜዳው ዳር የሚሰማው ቃል ያለ ትእዛዝ ይለወጣል። ለዚህም አዲስ በጀት አያስፈልገውም፤ የስም መዝገብ አውጥቶ መቍጠር ብቻ ይበቃዋል።

የትምህርት ቤት ጨዋታ ውጤት ቶሎ ይረሳል። ዋንጫው በርእሰ መምህሩ ቢሮ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳል፤ በዚያ ዓመት ማን ማንን እንዳሸነፈ የሚያስታውስም አይገኝም። ነገር ግን ሁለት ግብ ገብቶበት አንገቱን የደፋ ልጅ፣ መምህሩ በስሙ ጠርቶ የነገረውን አንዲት እውነተኛ ቃል ይዞ ያድጋል። ከእነዚያም ልጆች አንዳንዱ ራሱ መምህር ይሆናል። አንድ ቀን በአንድ ሜዳ ዳር ቆሞ፣ አንገታቸውን ደፍተው ወደ እርሱ የሚመጡትን ልጆች ሲያይ፣ ከአፉ የሚወጣው ያን ጊዜ የሰማው ቃል ነው። ስድብ ሰምቶ እንደ ሆነ ስድብ፣ አይዞህ ተብሎ እንደ ሆነ አይዞህ። ስለዚህ በዚያች የዕረፍት ሰዓት የሚናገር መምህር የሚናገረው ከፊቱ ለቆሙት ዐሥራ አንድ ልጆች ብቻ አይደለም፤ እነርሱ ነገ ለሚያስተምሯቸውም ጭምር ነው።